«እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባልን ፏፏቴ የወረድንበት ሦስት ቀን

ካዛንቺስ ተወልዶ ያረጀ ሰው ውሃ ሲወድቅ የሚያየው በክረምት፣ ያውም ከጎረቤት አሸንዳ ነው። እኔም እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ከዚያ የበለጠ ፏፏቴ አላውቅም ነበር። አሁን የዕድር ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር «ጋሽ ዘለቀ፣ በገመድ ገደል ወረዱ አሉ፤ እውነት ነው?» እያሉ ስለሚያደርቁኝ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጎሚስታ ሆኜ የሰው ጎማ ስለጥፍ ነው። አጻጻፌ ቢንቀራፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ድሮም ቸኩዬ አላውቅም።

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጄ በቤዛ ነው። አባቷ፣ የእኔ የበኩር ልጅ፣ እሷ ገና አፏን ሳትፈታ ነው ያረፈው። እናቷ ለሥራ ቤይሩት ሄዳ እዚያው ቀረች። ቤዛን እኔና ባለቤቴ አስካለ ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን አሳደግናት። ክረምት ክረምት ግን የእናቷ አባት አቶ ሳህሌ ከወልቂጤ ወዲያ ካለው አገራቸው «ልጄን ላኩልኝ» ይላሉ፤ እንልካለን። እዚያ ወንዝ ለወንዝ ስትል አድጋ፣ ይኸው ዛሬ ሥራዋ ሰውን በገመድ እያሰሩ ፏፏቴ ማውረድ ሆነ። ሰው ከፍሎ ገደል ይወርዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አሁን ልታገባ ነው። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ታዲያ ሽማግሌ ማን ቤት ይምጣ? አባት የለ፣ እናት ሩቅ። ሽማግሌ ተቀምጦ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲል «ሰጥተናል» የሚለው አያት ነው፤ አያት ደግሞ ሁለት ነን። እኔ ያቺን አንዲት ቃል ለማለት ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ግን የካዛንቺሱ ቤታችን ለልማት ፈርሶ፣ ቡልጋሪያ ከሰው ጊቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው። አቶ ሳህሌ ሰፊ ቤትና ሰፊ ደጅ አላቸው። ቤዛ «ሁለታችሁንም አንድ ላይ ፏፏቴ ላውርዳችሁ፤ በቃ፣ ለእኔ ስትሉ» ስትለን ገመዱ ሰበብ መሆኑ ገብቶኛል። ሁለታችን ተገናኝተን ነገሩን እንድንጨርስላት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከኡራኤል ተነሣን። መኪናውን የሚነዳው ዮናስ የሚባል፣ ከእሷ ጋር የሚሠራ ልጅ ነው። ሙሽራው እሱ ነው። ሽማግሌ ስላልላከ ግን ገና ማንም አያውቅም፤ ማለቴ ሁላችንም እያወቅን አናውቅም። አስካለ ስንቁን ስታቀብለው «ሹፌሩ፣ ቀስ ብለህ ንዳ እሺ?» አለችው። የለበሰውን ሹራብ የሠራችለት እሷው ናት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ እማማ» አለ፣ ልክ እንደ ሹፌር።

ለእኔ ደግሞ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ገደሉን አይተህ ብቻ ተመለስ። አንተ ከአልጋ ስትወርድ እንኳ ‘ያዢኝ’ ትላለህ» አለችኝ። ቤዛ ሳቀች፣ ዮናስ ሳቁን ዋጠ። ሙሽራ መሆኑን በዚያም አወቅሁ፤ ሹፌር ቢሆን ይስቅ ነበር።

በጀሞ አድርገን፣ ሰበታን አልፈን፣ ወደ ቱሉ ቦሎ ስንቃረብ ጎማ ተነፈሰ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «ቆይ፣ ይህ የእኔ ነው» ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ወረድኩ። የተፈታውን ጎማ አገላብጬ እስካይ ዮናስ ትርፉን ጎማ ገጥሞ ብሎኑን እያጠበቀ ነበር። ቤዛ «ጎበዝ!» አለችው። ይህን ቃል እኔም አውቀዋለሁ፤ ድሮ በር ላይ ጎማ ስለጥፍ ቦርሳዋን ተሸክማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለእኔ ነበር የምትለው።

ወሊሶ ምሳ በላን። እንጀራው ከእኛ ሰፈሩ ሰፋ፣ ዋጋውም ጠበብ ይላል። አስተናጋጇ የማንንም ትእዛዝ አልጻፈችም፤ ግን አንድም አልተሳሳተችም። ከወልቂጤ በኋላ አገሩ እንሰት በእንሰት ሆነ። ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ሰፊ ሜዳ አዙሮ ተሰልፏል፤ ጀፎሮ ይሉታል። መንገድም ነው፣ መሰብሰቢያም ነው፣ ልጅም ይጫወትበታል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ቢገኝ ሳምንት ሳይቆይ ይታጠር ነበር።

አቶ ሳህሌ ደጅ ቆመው ይጠብቁናል። ረጅም ናቸው፤ በዕድሜ እኩያዬ ሆነው ሳለ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። ይህን ከዚህ በፊትም አውቅ ነበር፤ ግን ሰው በየጊዜው ይረሳል። እኛ እንግዲህ አማቾች ነን፤ የአማች ወግ ደግሞ ከባድ ነው። በሩ ላይ «ይግቡ አቶ ዘለቀ» አሉኝ። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ። «እንግዳ ነዎት።» «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።» እንዲህ ተከባብረን እንደቆምን ቤዛ በመካከላችን ሹልክ ብላ ገባች፤ ዮናስም ሻንጣውን ይዞ ተከተላት። በመጨረሻ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ገባን፤ የበሩ መቃን ክርኔን ላጠኝ።

ቤቱን አልዋሽም፣ ያምራል። ትልቅ ክብ ጎጆ ነው፤ ምሰሶው ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ ያበራል። ግድግዳው ላይ የቤዛ ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል፣ ትንሽ ሆና፣ ጥርሷ ወልቆ። የእኔ ቤት ፎቶዎቿ ከፈረሰው ቤት ስንወጣ እንደታሸጉ እስካሁን ካርቶን ውስጥ ናቸው። የምሰቅልበት ግድግዳ የአከራዬ ነው፤ ሚስማር አይወዱም። ፎቶውን ሳይ አቶ ሳህሌ አዩኝና «ጥርሷ የወለቀ ዕለት ነው፤ ጣሪያ ላይ የጣልኩላት እኔ ነኝ» አሉ። ያ ጥርስ ካዛንቺስ ጣሪያ ላይ መጣል ነበረበት ብዬ አሰብኩ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደዚህ ያስባል?

እራት ክትፎ በቆጮ ቀረበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ፣ ሁለተኛውን ለቤዛ አጎረሱ። እሷም «አባዬ፣ እንደ እርስዎ ቤት ክትፎ የትም የለም» አለች። እሳቸውን አባዬ ነው የምትላቸው። እኔን አባባ። ግን እሳቸውን አንቱ ትላለች፣ እኔን አንተ። ይህቺን ይዤ ተኛሁ። አልጋው ይመቻል፤ እሱም አናደደኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ፏፏቴው ሄድን። መኪናው እስከ አንድ ቦታ ያደርስና ከዚያ በእግር ነው። ቤዛ ራስ ቁር፣ ወገብና ጭን የሚያስር መታጠቂያ፣ የላስቲክ ልብስም አወጣች። ልብሱ ለአቶ ሳህሌ ልክክ አለላቸው። የእኔ ሆዴ ላይ አልዘጋ አለ። ዮናስ ወደ ላይ ሳበው፣ ቤዛ ወደ ታች ሳበችው፤ አልሆነም። ስለዚህ ከላይ ላስቲክ፣ ከታች የራሴን ሱሪ ለብሼ ታጠቅሁ። መታጠቂያው የተለጠፈ የውስጥ ጎማ ይመስላል፤ እምነት ጣልኩበት።

መጀመሪያ ገደል አይደለም። ውሃው ድንጋዩን ለብዙ ዘመን ሲያለሰልሰው ኖሮ ሸርተቴ አድርጎታል፤ ቁጭ ብለህ ትለቀዋለህ፣ ታች ያለው ኩሬ ይቀበልሃል። አቶ ሳህሌ እግራቸውን ዘርግተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ «ኧኸ!» እያሉ ወረዱ። ቤዛ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ተለቀቅሁ። መሃል ላይ አንድ ያልለሰለሰ ድንጋይ ነበረ፤ አገኘኝ። ኩሬው ውስጥ ገብቼ ስወጣ ከኋላዬ ብርድ ተሰማኝ። ሱሪዬ ከቀበቶው እስከ ጉልበቴ ተቀዷል። አቶ ሳህሌ አይተው እንዳላዩ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ጨዋነታቸው ሱሪዬ ከመቀደዱ የበለጠ ቆረቆረኝ።

ከዚያ ዋናው ፏፏቴ መጣ። ከፍታው ቡልጋሪያ ካለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላያንስ ይችላል። ገመዱ ከላይ ከትልቅ ሾላ ግንድ ይታሰራል። ቤዛ አስቀድማ እንደ ሸረሪት ወረደች። ሥራው እንዲህ ነው፤ ወራጁ ገመዱን በራሱ እጅ እያላላ ይወርዳል፤ ታች የቆመ ሰው ደግሞ የገመዱን ጫፍ ይዞ ዓይኑን ከእሱ አይነቅልም። ወራጁ እጁ ቢያመልጠው፣ ታች ያለው ሲስብ ገመዱ ይነክስና ያቆመዋል። እንግዲህ ነፍስህ ያለችው ታች ባለው ሰው መዳፍ ነው።

ገደሉ አፍ ላይ ሦስት ሆነን ቀረን፤ ዮናስ፣ አቶ ሳህሌና እኔ።

«ይቅደሙ አቶ ዘለቀ» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?»

«እንግዳ ነዎት እኮ።»

«ገደሉ የአገርዎ ነው።»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«እኔም ሞቼ!»

ዮናስ ገመዱን እንደያዘ «አባቶቼ፣ እባካችሁ ማንም አይሙት» አለ። ታች ቤዛ እጇን እያወናጨፈች ትጮኻለች፤ ውሃው ድምፅዋን ዋጠው። እኔ ያልቀደምኩት ለወጉ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼም ነው። በመጨረሻ አሸነፍኳቸው፤ አቶ ሳህሌ ቀደሙ። ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው፣ እግራቸውን ግድግዳው ላይ እየተከሉ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው በዝግታ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ቤዛ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከላይ ሆኜ አየሁት። ማየት አልነበረብኝም።

ዮናስ እኔን አሰረኝ። ወደ ታች ሳይ፣ አቶ ሳህሌ ለቤዛ አንድ ነገር ይሏታል፣ እሷም የገመዱን ጫፍ አቀበለቻቸው!

«ቤዛ! አንቺ ያዢው! አንቺ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል።

«አባባ አይስጉ፣ እሷም ከኋላቸው ይዛለች» አለኝ ዮናስ። አባባ አለኝ! ሽማግሌ ሳይልክ! ግን በዚያች ሰዓት ለመቆጣትም ጊዜ አልነበረኝም።

እስከ ግማሹ ድረስ ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ፤ አስካለ ባየችኝ አልኩ። ከዚያ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ረገጥኩ። እግሬ ሸሸ፣ በጎኔ ዞርኩ፣ ውሃው ፊቴን መታኝ። ሰው ሲደነግጥ ማድረግ የሌለበትን ያደርጋል፤ ገመዱን በሁለት እጄ ለቀቅሁ።

ወረድኩ፤ ደግሞም ቆምኩ። መታጠቂያው ጭኔን ነክሶ እንደ ቋንጣ ተንጠለጠልኩ። በውሃው መሃል ወደ ታች ሳይ አቶ ሳህሌ ገመዱን በወገባቸው ጠምጥመው፣ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ ኩሬው ውስጥ እስከ ደረታቸው ተቀምጠዋል። ቤዛ ከጀርባቸው ይዛ «አባዬ ያዘው! እንዳትለቀው!» ትላለች።

ያዘው አለች። አንተ አለቻቸው። ሰው ተንጠልጥሎ ይቀናል? እንደሚቀና አይቻለሁ።

ቀስ አድርገው አወረዱኝ። ታች ስደርስ መዳፋቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። «አቶ ዘለቀ፣ ከበዱኝ እኮ! ካዛንቺስ ምን ያበሉዎታል?» አሉኝ። ቤዛ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቅፋ አለቀሰች። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ግን ከልቤ የወጣው በአንዱ በር ነው፤ በሌላው በር ሌላ ነገር ይገባ ነበር።

ማታ ሱሪ ስለሌለኝ የእሳቸውን ሱሪ አመጡልኝ። ሁለት ጊዜ ብጠቀልለውም መሬት ይጠርጋል። የባለጋራህን ሱሪ ለብሰህ፣ በባለጋራህ ቤት፣ የባለጋራህን ጎመን በአይብ ስትበላ ቅናት እንኳ ያፍራል። እሳቸው እጃቸው ስለተላጠ በማንኪያ ይበላሉ። ዮናስ «መኪናዋን ልያት» ብሎ ወጣ፤ ሹፌር ነዋ።

ያን ጊዜ አቶ ሳህሌ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «አቶ ዘለቀ፣ የልጅቷን ነገር እንነጋገር። ሽማግሌዎቹ ወደ እርስዎ ቤት ይምጡ። ያሳደጓት እርስዎ ነዎት» አሉኝ።

ለዚች ነበር የመጣሁት፤ ለዚች ነበር የተንጠለጠልኩት። አፌ ግን የአማች አፍ ነውና፣ «ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ? ይህን የመሰለ ቤት እያለ!» አልኩ። ወግ ነው። አንድ ጊዜ እምቢ ይባላል፣ ሁለተኛም እምቢ ይባላል፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ካሉስ» ተብሎ እሺ ይባላል። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን ልመና ጠበቅሁ።

አቶ ሳህሌም ወዲያው፣ «እንግዲህ እርስዎ እንዳሉ» አሉ። ማንኪያቸውን አነሡ።

ቤዛ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እጄን ስታስታጥበኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ምን ነካህ? አባዬን ‘እንዲህ ይበሉት’ ብዬ የለመንኳቸው እኮ እኔ ነኝ!» አለችኝ።

«ሁለተኛ ይለምኑኛል ብዬ ነዋ!»

«ማለቴ... ባይለምኑስ? በቃ፣ አንተው ሰጠኻቸው።» ውሃውን እጄ ላይ ከሚገባው በላይ አፈሰሰችው።

ሰኞ ጠዋት የመመለሻችን ቀን ነው። ዮናስ ሻንጣ ይጭናል። አቶ ሳህሌ ከጓሮ እንሰቱ መሃል ናቸው። ረጅሙን ሱሪ በእጄ ሰብስቤ ይዤ ሄድኩ። ከፏፏቴው አፍ ይልቅ ያቺ ጓሮ አስፈራችኝ። ገደሉ ላይ ቢያንስ ገመድ ነበረ።

«አቶ ሳህሌ፣ ትናንት እምቢ ያልኩት ለወጉ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን ሁለተኛ አልለመኑኝም?»

«ሁለተኛ ብለምንዎት እሺ ይሉኛላ!»

እሳቸው የደረቀ የእንሰት ቅጠል ገነጠሉና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ልጅቷ አስገድዳኝ ነው የለመንኩዎት፤ እምቢ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ሳይዞርብኝ ብዬ ቶሎ እሺ አልኩ። እኔ እኮ የማያት በክረምት ብቻ ነው። አንድ ጥርስ ነው የደረሰኝ፤ ሌላው ሁሉ ካዛንቺስ ነው የወለቀው። መስከረም ሲጠባ መኪና ላይ ሳሳፍራት እርስዎን እንዴት እንደምረግምዎት ቢያውቁ፣ ገመዱን በእጄ አያሲዙኝም ነበር።»

«እኔ መቼ አስያዝኩዎት! አንቺ ያዢው እያልኩ ስጮህ ነበር!»

«ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሱሪው ከእጄ አመለጠ። «ብለቅዎት ኖሮ ይህ ክርክር አይኖርም ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ እዚያው ቆሟል። ስለዚህ በሕይወቴ ለአማች ያላልኩትን አልኩ፤ «አቶ ሳህሌ፣ ዛሬ ወግ የለም። ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት እንዲመጡ እፈልጋለሁ።»

እሳቸው የተላጠ መዳፋቸውን አዩ። «ቤትዎ ስንት ሰው ይችላል?» አሉ።

«አልጋው ከወጣ ስድስት።»

«እንግዲያው መጥቼ አልጋውን አብረን እናወጣለን።»

«ቃሉን ግን ማን ይናገር?» አልኩ።

«እሱን እዚያው እንተያያለን» አሉኝ፣ ቀጥ ባለው ወገባቸው ቀድመውኝ እየሄዱ።

ሲሸኙን አንድ ጥቅል ቆጮና ቅቤ ጫኑልን። የመኪናውን የፊት በር ከፍተው «ከፊት ይሁኑ አቶ ዘለቀ» አሉ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ «እሺ» ብዬ ገባሁ። ቤዛ ከኋላ ሆና ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። ወሊሶ ላይ ያቺው አስተናጋጅ የባለፈውን ምግባችንን ሳንነግራት አመጣች። አመሻሹ ላይ ኡራኤል ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ጆሮዬ ከፏፏቴው የተለየ አልመሰለውም። አስካለ ሱሪውን አይታ «ይህ የማነው? ሙሽራ መሰልክ» አለችኝ። ታሪኩን ስነግራት፣ ገመዱን ለቀቅሁ ያልኩበት ላይ ስደርስ አልሳቀችም። ሱሪውን አጠበች፣ ተኮሰች፣ አጣጥፋ አስቀመጠች፤ በቀኑ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሽማግሌው የፊታችን እሁድ ነው። ከጎረቤት ወንበር ተውሰናል። የቤዛን ፎቶም ከካርቶኑ አወጣሁ፤ አከራዬ ለአንድ ሚስማር ፈቀዱልኝ። ለእኔና ለአቶ ሳህሌ ሁለት እኩል ወንበር ጎን ለጎን አድርጌአለሁ። ሽማግሌዎቹ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ እኔና እሳቸው እንተያያለን። በዚያች ሰዓት እኔ በምንም ምክንያት አፌን ቀድሜ አልከፍትም። ወጉ የሚያስጨንቀው እሳቸውን ይሁን። «እርስዎ ይናገሩ አቶ ዘለቀ» ማለት እንደጀመሩ፣ ስሜን ጠርተው ሳይጨርሱ፣ «ሰጥተናል» እላለሁ።